የዘይት መጭመቂያው ዱአ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ጓደኛዋ የከፈተውን ስቱዲዮ ካላየህ ብላ ይዛኝ ሄደች። ድሮ ሳሙና ፋብሪካ የነበረ አዳራሽ ነው። ወጣቱ ሠዓሊ እዚያው ይሥላል፣ እዚያው ያበስላል፣ እዚያው ይተኛል። እንግዶቹ «እንዴት ያለ አዲስ ሐሳብ ነው!» እያሉ ሲደነቁ እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ይህንኑ ነገር በደርግ ጊዜ ከሚሴ ላይ አድርጌዋለሁ። ያኔ ግን አብዷል ያለኝ እንጂ ያደነቀኝ ሰው አልነበረም።

ሥዕል ተምሬ ወደ ከሚሴ ስመለስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀበሌው መፈክር የሚጽፍለትና ለበዓል ትልልቅ ምስል የሚሥልለት ሰው ፈልጎ ቀጠረኝ። የምሠራበት ቦታ ስጠይቅ ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሰጡኝ፤ «ካልኖርክበት ግን ለእህል መጋዘን እንወስደዋለን» ብለው። ቤቱን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ያደረብኝን ጉጉት ዛሬም አልረሳውም። ሞተሩ የተነቀለበት የሲሚንቶ መደብ አለ። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሠራተኞቹ ዘይታም እጅ አሻራ ቀርቷል። እነማን ነበሩ? ሲሠሩ ምን ያወሩ ነበር? ብቻዬን ቆሜ ብዙ ጠየቅሁ።

ከዚያ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ኖራው እየተላጠ ረገፈ፤ ለስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ግድግዳ ለካ ኖራ አይዝም! እናቴ መጥታ አየችና ሳቀች።

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ዘይት በአመድ እንደሚለቅ አልነገሩህም?»

ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና በሙቅ ውሃና በአመድ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተገችልኝ። እኔም ከጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ አንስቼ ላስቲክ ወጠርኩበት፤ ብርሃን ገባ። የሞተሩ መደብ አልጋዬ ሆነ። ጊዜው አጠገባችን ባለው የጨፋ ሜዳ ማሽላ የሚወቃበት ስለነበር ገለባው በነፋስ እየመጣ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፍብኝ ነበር። ቤቱ ኑግ ኑግ እንደሸተተ ቀረ፤ እኔ ግን ወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «ዱአ ሳይደረግበት እዚህ አታድርም» አለች እናቴ። እኛ ዘንድ አዲስ ቤት እንዲያው አይገባም። ጁምዓ ከሰዓት፣ በልጅነቴ ቁርአን ያስቀሩኝ አስተማሪዬ ሸህ ኑሩ ከአምስት ጎረቤቶች ጋር መጡ። እናቴ የማሽላ ቂጣና ወተት አዘጋጅታለች። ሸሁ ግን ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን የሰው ሥዕሎቼን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ዐይን እያየን ነው ዱአ የምናደርገው? ምስል ካለበት ቤት እኮ መላእክት አይገቡም።»

እንዴት እንዳላሰብኩት! «ሥራዬ ሆኖ ነው አባቴ» አልኩ በሐፍረት።

«ሥራህን ማን ነካው? ወደ ግድግዳ አዙርልን፤ ስንጨርስ ትመልሳቸዋለህ።»

አዞርኩ። የሰንበቴ ገበያን ነጋዴዎች፣ እናቴን፣ አንዱን የአፋር ሽማግሌ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀበሌው ለበዓል ያዘዘኝ፣ ከእኔ የሚበልጥ የሀገሪቱ መሪ ምስል ነው። በዚያ ዘመን የመሪውን ምስል ያዋረደ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን አዞርኩት። ድፍረት አልነበረም፤ አስተማሪዬን ከደጄ መመለስ አቅቶኝ ነው።

ዱአው ተጀመረ። «አሚን» እያልን መሀል ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ይመር ነው፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ከአብዮቱ በፊት በሰንበቴ ገበያ ግመል ይሸጥ የነበረ የሰፈራችን ሰው ነው። ምስሉ ማለቁን ሊያይ መጥቷል። ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙትን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየና ዐይኑ ትልቁ ላይ ቆመ። የቀበሌው ቁጥር በጀርባው ተጽፎበታል። አሚናችን ተቋረጠ።

«ናጋ ጂርቱ?» አለ በኦሮምኛ፤ ሰላም ናችሁ ወይ ማለቱ ነው።

«ናጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሸሁ ብቻቸውን።

ወደ እኔ ዞረ። «ቀለሙ አልደረቀም ማለት ነው?»

ከደረቀ አምስት ቀን ሆኖታል። «አልደረቀም፣ ጓድ» አልኩ።

«እንግዲያማ በማዞርህ ደግ አደረግህ። ገለባ ይለጠፍበት ነበር።»

ቆቡን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ከሸሁ አጠገብ ተቀምጦ መዳፉን ዘረጋ። ሸሁ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሲያልቅ ሁላችንም ፊታችንን በመዳፋችን አበስን፤ ይመር እጁን ከፊቱ ላይ ያነሣው ከሁላችን ዘግይቶ ነው። ቂጣውን በልቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ነገሩን ዳግም አላነሣውም።

እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ኖርኩ። ይመር ከሥልጣኑ ተነሥቶ ወደ ባቲ ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ ሳላመሰግነው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ በክፍሉ ከነበረው ሰው ሁሉ አብልጬ የፈራሁት እኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን የያኔውን የሱን ዕድሜ አልፌ ሳስበው፣ አብልጦ የፈራው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከሁላችን ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበርና። ፈርቶም ግን ጫማውን አወለቀ።