ከኩባያው ሥር የቀረችው ጠበል

እማዬ ለፍልሰታ ጾም ከገጠር ወደ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ በቅያሪ ነጠላዋ ጠቅልላ የምታመጣው ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት ኩባያ አለ። ዘንድሮም ጓዟን ስፈታላት እሱ ብቅ አለ። ቤቴ ብርጭቆ ሞልቶ ሳለ ይህን አሮጌ ዕቃ ምን ያሸክማታል እያልኩ ላጥበው አነሳሁና፣ እንዲያው ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የረጠበ ጥድ፣ የረጠበ ነጠላና የክረምት ጭቃ ሸተተኝ። ብረት ብረት እንጂ ሌላ ሊሸት እንደማይችል አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፣ ለሁሉም ነገር ማስረጃ እፈልጋለሁ። ግን ሸተተኝ፤ ምን ላድርግ።

ያደግሁት ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ በክረምት ጉሙ ከደጃፍ አልፎ መደብ ላይ ካልተቀመጥኩ በሚልበት መንደር ነው። ፍልሰታ ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው ይጾማል፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ውኃ እንኳ አይቀመስም፤ ከዚያ ተሰልፈን እንቆርባለን። ትልቁ ጭንቃችን ታዲያ ረኃቡ ሳይሆን ዝናቡ ነበር። በእኛ በልጆቹ ሕግ አፉ ውስጥ የዝናብ ጠብታ የገባበት ልጅ ጾሙን ገድፏል፤ ስለዚህ እስከ ማርያም ድረስ ያለውን አቀበት ከንፈራችንን ነክሰን፣ በአፍንጫችን እያለከለክን እንወጣዋለን። ዝንብ የገባበትማ ለቅሶው አይጣል ነው። እማዬ ይህን ጣጣ ለማስቀረት በራሷ ነጠላ ጫፍ አፌን ሸፍና፣ እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር።

ሰልፉ ከሴቶች በር ሲደርስ እጄን ትለቀኛለች። እሷ አትቆርብም። በእኛ አገር ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው ይባል ነበር፤ ባለትዳር ከቆረበ ግን ባልና ሚስት አብረው፣ እስከ ሞት ላይለያዩ ቃል ገብተው ነው። እማዬና አባዬ የተጋቡት በሽማግሌ ፊት፣ በሰማንያ ነበር። ስለዚህ እሷ ደጅ ትቆማለች፤ ቆርቤ ስወጣ ዓይኗ አፌ ላይ ነው። በዚህ ኩባያ ጠበል ታጠጣኛለች። ከሥሩ የቀረችውን ጭላጭ መሬት አትደፋትም፤ ትንሽ ጠበል ጨምራ፣ አለቅልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷ ትጠጣታለች። ልጅ ብሆንም፣ ያቺን ጭላጭ ስትጠጣ ሳያት እኔ የተቀበልኩትን ነገር ከእኔ ይልቅ እሷ እንደምታውቀው ይገባኝ ነበር።

አባዬ ድንች ነጋዴ ነበር፤ ጠላ ቤት ሲገባ ቤቱ በሳቅ የሚሞላ፣ ገበያተኛ ሁሉ በስሙ የሚጠራው ተጫዋች ሰው። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲቃረብ እማዬ፣ «ዘንድሮስ ምን ይላሉ?» ትለዋለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አይጠፋውም። «እስቲ ድንቹ ይውጣና» ይላል። ድንቹ ሲወጣ የትልቋ እህቴ ሠርግ ይመጣል፤ ሠርጉ ሲያልፍ በሬው ይታመማል። የበሬ ሕመም ከቁርባን ጋር ምን እንዳገናኘው ዛሬም አልገባኝም። እማዬ አትነዘንዘውም። ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፤ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ስትደርስ እንስራዋን አውርዳ ሳትሳለም አታልፍም። ሙሉ እንስራ ማውረዱስ ቀላል ነው፤ ብቻዋን መልሳ መሸከሙ ነው ጭንቁ። ያን ሁሉ ቀን እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

አንድ ፍልሰታ ወንዙ ሞላና አባዬ ሊያሻግረን አብሮን መጣ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከጥዱ ሥር ቆሞ ጠበቀን። እኔ ቆርቤ ወጣሁ፤ እማዬ አጠጣችኝ፤ ጭላጯን እንደ ልማዷ አለቅልቃ ጠጣች። ከዚያ ጣቷን ኩባያው ውስጥ አዙራ የቀረውን እርጥበት ግንባሯ ላይ ቀባችው። አባዬ ይህን አይቶ አያውቅም ነበር። እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እሷን በእጁ ይዞ ወንዙን አሻገረን። ማዶ ስንደርስ ቆመና፣

«እኔኮ እምቢ ብዬ አይደለም፤ እፈራለሁ» አላት። «ቆርቤ ባፈርስስ? ሰው ቢሆን አባብለዋለሁ፤ እግዜርን ግን በምን አፌ?»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ እየጨመቀች፣ «እኔስ አልፈራም ያልኩት መቼ ነው? እየፈራን እንግባ» አለችው።

በዓመቱ ገቡ፤ አብረው ቆረቡ። ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው በጭቃው መካከል ጎን ለጎን ሲመጡ አሁንም ይታየኛል። የአባዬን ዝም ማለት ለማየት ብቻ ከሩቅ የመጣ ጎረቤት ነበር፤ ይጎነትሉታል፣ እሱ በጋቢው ውስጥ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንባው ግን ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቅዱስ ሆነ ብል ውሸት ነው፤ ገበያ ላይ ሳቁን አልተወም፤ ሲናደድም ይናደድ ነበር። ግን እማዬ ውኃ ቀድታ በምትመለስበት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ሄዶ ይቆምላታል። ስትሳለም አብሯት ይሳለማል፤ እንስራዋንም ያሸክማታል።

አባዬ ካረፈ ቆየ። እማዬን ጉልበቷ ከድቷታል፤ ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ነው የወሰድኳት። በሩ ላይ ስንደርስ እጇን ለቀቅኳትና እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ደጅ ቀረሁ። የሚከለክለኝ የለም። ባለቤቴ እምቢ አላለኝም፤ አብረን እንቁረብ ብዬ ጠይቄውም አላውቅ። ድንች የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ ስብሰባ ግን አለኝ። እጾማለሁ፣ በበዓላት ነጭ ለብሼ እሳለማለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ደህና ክርስቲያን ነኝ። ያጣሁት ያን ሙሉ እንስራ የሚያስወርደውን ናፍቆት ነው፤ የት እንደጣልኩትም አላውቅም፤ ሳጣው እንኳ አልተሰማኝም።

እማዬ አፏን ሸፍና ስትወጣ በሰማያዊው ኩባያ ጠበል ሰጠኋት። ጠጥታ መለሰችልኝ። ከሥሩ የቀረችውን ልደፋ ሳዘነብል አንጓዬን ያዘችኝ። ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ ዓይኗም አፌ ላይ ቀረ፤ ልክ እንደ ድሮው።

ጠጣሁት። ያኔ እሷን ጠምቷት ነበር፤ እኔን አልጠማኝም። ትንሽ ጠበል ጨምሬ አለቀለቅሁና እንደገና ጠጣሁ፤ እንዲጠማኝ እየለመንኩ።