የልብ ወለዱ ሴራ

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጫማዬን ሳስር። ሁለቱ ሲቪል ለብሰዋል፣ አንዱ ዩኒፎርም። ስልኬን ተቀበሉኝ፤ መክፈቻ ቁጥሩን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ኧረ ጫማውን እንኳ ይሰር!" አለቻቸው። አንዱ እንደታሰረ፣ አንዱ እንደተፈታ ወጣሁ። ጣቢያ ስንደርስ የታሰረውንም አስፈቱኝ፤ ማሰሪያና ቀበቶ አይገባም።

ከተማው ውስጥ አፈሳ የበዛበት ሰሞን ነበር። የገባሁበት ክፍል አራት ሜትር በአምስት ቢሆን ነው፤ አሥራ አራት ሰው ነበርን። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንግዲህ እሱን ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ስር አስቡት። ላብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ያልደረቀ ፎጣ ይሸታል። እኔ ደግሞ ከፈጠረኝ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነኝ፤ አሥር ዓመት ሙሉ የጉምሩክ ወረቀት ታቅፌ ከመስኮት መስኮት ስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከግድግዳው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። ስሄድ የተኙትን እግር እዘላለሁ፣ ስመለስም እዘላለሁ።

"አቦ ቁጭ በል! ራሳችንን አዞርከው እኮ!" አለኝ አንዱ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው።

ቁጭ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሳሁ።

ለምን እንደያዙኝ ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ልጅ ነበር። ከስልኬ የወጣ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ የራሴን ጽሑፍ አነበበልኝ።

"'ሴራው ላልቷል። አስተዳዳሪው ድልድዩ ላይ መሞት ነበረበት። ቅዳሜ ቤቷ ተገናኝተን እንጨርሰዋለን።' ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?"

እኔው ነኝ። የጻፍኩት ሰባት ሰው ላለበት የቴሌግራም ቡድናችን ነው። ሥራችን ይሄ ነበር፦ አንድ ልብ ወለድ እናነባለን፣ ፊልም ከተሠራለት ፊልሙን አብረን እናያለን፣ ከዚያ እንጣላለን። በዋናነት የምጣላው እኔ ነኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ፊልሙን ሲያይ ለምን እንደሚናደድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የዚያ ሰሞን መጽሐፍ ስለ አንድ ወንዝ ዳር ከተማ አስተዳዳሪ ነው። ሰውዬው የአንዲትን መበለት መሬት ይነጥቃል፤ መጨረሻ ላይ ራሱ ባሠራው የይስሙላ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ድልድዩ ይደረመስና ይሞታል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መበለቷ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ጥርሷ የተሸረፈ፣ መዳፏ የሻከረ ሴት ናት። ፊልሙ ላይ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት የለጠፈች፣ ጥፍሯን የተቀባች ልጅ ይዘው መጡ። የምወደው ወንዝ ደግሞ ቆቃ ሐይቅ ሆኖ አረፈው! መበለቷ እያለቀሰች ሳለ ከኋላዋ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባው ላይ ቆሞ ካሜራውን ያያል። ይባስ ብሎ አስተዳዳሪው አይሞትም። መበለቷ ከውኃው ጎትታ ታወጣዋለች፣ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ሙዚቃ ይመጣል። ብግን አልኩ።

ይሄን ሁሉ ለመርማሪው እንዴት ብዬ ልንገረው?

"ሴራ ማለት..." አልኩት፣ "የልብ ወለድ ሴራ ነው። በሥነ ጽሑፍ ሴራ ማለት የታሪኩ አያያዝ ነው። ምን ምንን እንዳመጣ..."

"ሴራ ሴራ ነው። አስተዳዳሪው ማነው?"

"ገጸ ባሕርይ ነው።"

"የት ነው የሚሠራው?"

"መጽሐፉ ውስጥ።"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፍርሃቴ ቀደመው። እሱ ግን አልሳቀም፤ መልሴን ቃል በቃል ጻፈው።

"እሺ። 'ቤቷ' ያልከው የማን ቤት ነው?"

ቡድናችን ውስጥ ሁሉም በቅጽል ስም ነው የሚጽፈው፣ ስልክ ቁጥር አይታይም። ቤቷ የአንዲት የሒሳብ አስተማሪ ቤት ነው። ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ስለነበር ከቤት መውጣት አልቻለችም፤ ፊልሙን ልናይ እኛ ነን የሄድንላት፤ ቅዳሜም የቀረንን ክርክር ልንጨርስ እዚያው ተቀጣጥረን ነበር። ፊልሙን ስናይ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር እናቆመዋለን፤ አጥብታው ትመለስና "ምን አመለጠኝ?" ትላለች። ከሰባታችን ፊልሙን የወደደችው እሷ ብቻ ናት። ሰውዬው ከውኃው ሲወጣ እንባዋ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሳቅሁባት።

"አላስታውስም" አልኩት።

"ታስታውሳለህ" አለኝ፤ ወደ ክፍሌም መለሰኝ።

በሩ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከወንጂ ማዶ የመጡ ገበሬ። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ኦሮምኛው ይቀላቸዋል። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ስገባ ቀና ብለው አዩኝ።

"በምንድነው ያሰሩህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?"

"በሴራ ነው የሚሉኝ፣ አባባ።"

ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ሴራ? ሴራማ ሕግ ነው። ሰው በሕግ ይታሰራል እንጂ፣ ሕግ ስላለው ይታሰራል እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ "አባባ፣ በኦሮምኛ ነው ሕግ! በአማርኛ ተንኮል ማለት ነው!" አላቸው። እኔም ከተያዝኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አንዱ ጋ ሕግ፣ አንዱ ጋ ተንኮል፣ እኔ ጋ የታሪክ ማያያዣ! ዕድሜ ልኬን አዳማ ኖሬ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሁ አድጌ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

"ታዲያ ተንኮልህ ምን ነበር?" አሉኝ አባባ።

መጽሐፉን አነሳሁላቸው። ሾፌሩ ብድግ አለ። "ይሄንን ፊልምማ አይቼዋለሁ! ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ በስልኬ ነው ያየሁት!" ብሎ ያወራው ጀመር። ሲያወራ ደግሞ ያውቅበታል፤ የመበለቷን ድምፅ ያወጣል፣ ውኃውን በእጁ ይቀዝፋል። ሰውዬውን ጎትታ ስታወጣው አባባ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። መቻል አቃተኝ።

"ውሸት ነው! መጽሐፉ ላይ ይሞታል!"

"በናትህ ተወን!" አለ ሾፌሩ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። አባባ እጃቸውን አነሱ። "ሰው ሲያወጋ አይቋረጥም። እሱ ሲጨርስ አንተ የራስህን ታወጋለህ።"

ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፉን አወጋሁላቸው። እየተንጎራደድኩ፣ እግር እየዘለልኩ። በዚህ ጊዜ ቁጭ በል ያለኝ የለም። ድልድዩ ጋ ስደርስ ማንም አላሳለም። ስጨርስ አባባን አየኋቸው፤ መቼም የእኔን ይመርጣሉ ብዬ ነበር።

"መሞቱ ልክ ነው" አሉ። "መትረፉ ደግሞ ደስ ይላል። ለኪ፣ አይሆንም፣ እኔ አልመርጥም።"

ተናደድኩባቸው። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሁኔታ፣ በዚህ መናደዴ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ቃሌ በኮምፒውተር ተጽፎ አንድ ገጽ ሆኖ ጠበቀኝ። "በአንዲት ሴት መኖሪያ ቤት ተሰብስበን ስለ ሴራ መወያየታችንን አምናለሁ" ይላል። ከሥሩ "የቤቱ ባለቤት ስም" ተብሎ ክፍት ቦታ ተትቷል።

"ስሟን ሙላና ፈርም" አለኝ። "እናትህ ውጭ ናት፤ ምሳህን ከእሷ ጋር ትበላለህ። ሴትዮዋን ለምስክርነት ብቻ ነው የምንጠይቃት።"

እውነቱን ልናገር፣ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ቤቴ መሄድ ፈለግሁ። እንዴት እንደፈለግሁ ልነግራችሁ አልችልም። እግሬ ከጠረጴዛው ስር አላርፍ አለኝ። ለምስክርነት ብቻ ነው ብሎኛል፣ ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ጠይቀው ይሸኟታል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ከዚያ ያ የምንተኛበት ክፍል ታየኝ። ሕፃኑስ? ይዛው ትገባለች ወይስ ትታው? ማን ያጠባዋል?

እስክሪብቶውን አነሳሁ። "ስለ" እና "ሴራ" በሚሉት መሃል በደቃቅ ፊደል "ልብ ወለድ" ብዬ አስገባሁና አጠገቡ ፈረምኩ። ወደ ክፍቱ ቦታ ወረድኩ። እኛ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ዳር እስከ ዳር እናሰምርበታለን፤ በኋላ ማንም ምንም እንዳይጨምርበት። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። አሰመርኩበት። ከመስመሩም አጠገብ ፈረምኩ።

መርማሪው ወረቀቱን አዙሮ አየው። "አበላሸኸው።"

"ሌላ ካመጣህም እንደዚሁ ነው የማደርገው" አልኩት። ጀግና አልነበርኩም፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቧል።

"ወንድሜ፣ ለመጽሐፍ ብለህ ነው?" አለኝ። እስክሪብቶውን መለስኩለት። እንደዚያ ቢያስብ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ፍርድ ቤት አሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጠየቁብኝ፤ ተፈቀደላቸው። እናቴ መርማሪው ወረቀቱን ባቀረበልኝ ቀን ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆሟን በኋላ ነው የሰማሁት። እሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ጠዋት "ዕቃህን ያዝ" ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ በወረቀት የነገረኝ የለም፣ ለምን እንደተፈታሁም። አባባን እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እሳቸው ከእኔ በኋላ ስንት ቀን እንደቆዩ አላውቅም።

ቡድናችን ፈርሷል። ሰው አንድ በአንድ ወጣ፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ተለውጫለሁ፤ ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ማየት አልችልም፣ መሃል ላይ ተነስቼ በር ሥር እቆማለሁ። መጽሐፍም ቢሆን የማነበው እየተንጎራደድኩ ነው።

አስተማሪዋ ባለፈው እሑድ ቤት መጣች። ልጇ አሁን ይሮጣል፣ የእናቴን ቤት አተራመሰው። መርማሪው ስሟን እንደጠየቀኝ አልነገርኳትም፤ ብነግራት በር በተንኳኳ ቁጥር እንደ እኔ ትደነግጣለች። ምሳ ላይ ያንኑ ፊልም አነሳችብኝ። መጽሐፉ ይበልጣል አልኳት፣ ፊልሙ ይበልጣል አለች፣ እናቴ እስክትቆጣን ድረስ ተጯጯህን። ድሮ እንደምንጣላው። እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!

"አንተ እኮ" አለችኝ ልጁን ጭኗ ላይ እያስቀመጠች፣ "ሰው ሲተርፍ ደስ አይልህም።"

"አይለኝም" አልኳትና ለልጁ ዳቦ ቆረስኩለት።