ከሰይድ ሞተር ኋላ የቆለፍኩት በር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን በስልክ ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ የዘጋሁባቸው ጊዜም አለ። ንስሐ እገባለሁ ብሎ ተቀምጦ መዋሸት ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም። ለእናንተ ግን፣ ለማታውቁኝ፣ እናገራለሁ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ኋላ ወኔዬ እንዳይከዳኝ አስቀድሜ ልናገረው። የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

ጌታቸው እባላለሁ፣ የሐይቅ ሰው ነኝ። ኩዌት፣ ሐዋሊ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ፎቅ ሀሪስ ነበርኩ። ሀሪስ ሲባል ዘበኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደረጃ ጠራጊውም፣ አምፖል ቀያሪውም፣ ተከራይ ከተከራይ ሲጣላ ገላጋዩም እሱ ነው። መኖሪያዬ ምድር ቤት፣ ከዋናው መግቢያ አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። ፎቁ ከፊት ካለው ደረጃ ሌላ ከኋላ ጠባብ ደረጃ ነበረው። የኋላው ደረጃ ወርዶ አጭር ኮሪደር ላይ ያበቃል፣ ኮሪደሩ ደግሞ ቅያሱ ላይ በሚከፈት የብረት በር ያበቃል። የቆሻሻ ገንዳው ቅያሱ ላይ ስለነበር የቤት ሠራተኞቹ ሁሉ የሚወጡት በዚያ ነው።

ሰይድ የከሚሴ ልጅ ነው። እዚያው ፎቅ ላይ ከሌሎች ወንደላጤዎች ጋር አልጋ ተከራይቶ ይኖር ነበር። በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርሳል። ጅሊብ የሚባል ሰፈር የሚኖር ጓደኛው ሞተሩን ከመንገድ ዳር ተሰርቆ መከራውን ስላየ፣ ሰይድ የእሱን ውጭ ማሳደር ፈራ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጣና አንገቱን ሰበር አድርጎ፦

"ጋሼ፣ ከኋላው ደረጃ ሥር ባስገባትስ? ለማንም አታስቸግርም" አለኝ።

እሺ አልኩት። የፎቁ ባለቤት ኮሪደር ላይ ምንም ዕቃ እንዳላስቀምጥ አስጠንቅቆኛል፤ አውቃለሁ። ግን ሰይድ ከሥራ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል፣ ባመመኝ ጊዜ መድኃኒት ቤት ሮጦልኛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ሀሪስ ብሎ ሲጠራኝ እሱ ጋሼ ይለኛል። ለዚህች ቃል ስል እሺ አልኩ። እስከዚህ ያለው ጥፋት ደግነት ሊባል ይችል ይሆናል። ከዚህ ወዲያ ያለው አይባልም።

የቅያሱ ልጆች እየገቡ ሞተሩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። መቀመጫውን በምላጭ ቀደዱት። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ በሚያስገባበት ሰዓት፣ ሰይድ ከምሳ ሥራ ተመልሶ ያርፋል፣ እኔም እተኛለሁ። ሞተሩን እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ እንቅልፌን ደግሞ እወዳለሁ። ሁለቱን ላስታርቅ ብዬ ጓጉንቸር ገዛሁና ከምሳ በኋላ በሩን ከውጭ በኩል መቆለፍ ጀመርኩ። ማታ ቆሻሻ በሚወጣበት ጊዜ እከፍተዋለሁ። ለማንም ተከራይ አልተናገርኩም።

ሰይድ አየና አልወደደውም። "ጋሼ፣ ሰው ቢወጣበትስ?" አለኝ።

"በዚህ ሐሩር ማን ይወጣበታል?" አልኩት።

ታላቁ ነኝ፣ ምን ሊለኝ ይችላል? ያስጠነቀቀኝ ሰው ነበረኝ ማለት ነው። አላወቅኩም ነበር ማለት እንኳ አልችልም።

እሳቱ የተነሳው ከክፍሌ አጠገብ፣ የመብራት ቆጣሪዎቹ ካሉበት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ያነቃኝ ሽታው ነው። ዓይኔን ስገልጥ ጢስ በበሩ ሥር እየተሳበ ይገባል። ምን አደረግሁ? ሀሪስ ነኝ፤ ሮጬ ወደ ላይ መውጣት፣ በር መደብደብ፣ እሳት እሳት እያልኩ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ወደ ውጭ ሮጥኩ። አስፋልቱ እግሬን ሲጠብሰኝ ነው ባዶ እግሬን መሆኔን ያወቅኩት። ብዙው ተከራይ ሥራ ላይ ነበር። ቤት የነበሩት እየሳሉ በፊት ለፊቱ ደረጃ ወጡ። ሰይድም በመጨረሻ፣ አፉን በእጁ ይዞ ወጣ። ከእሱ በኋላ ደረጃው ጥቁር ጢስ ሆነ።

ሰይድ ዞር ዞር ብሎ ሰዉን አየ። "ጋሼ፣ የኋላው በር ክፍት ነው አይደል?" አለኝ።

"ክፍት ነው" አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። መቆለፉን ረስቼ አልነበረም። ቁልፉ ክፍሌ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኝ ነበር። ክፍት ነው ካልኩ ክፍት የሚሆን መስሎኝ ይሆናል።

ያን ጊዜ ከቅያሱ በኩል ብረት ሲደበደብ ሰማን።

ዞረን ሮጥን። በሩ ከውስጥ እየተመታ ይንቀጠቀጣል። ሴት "ክፈቱልኝ!" ትላለች፣ በአማርኛ። ሩቅያ ነበረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለአንዲት አስተማሪ ማዳም የምትሠራ የባቲ ልጅ ናት። ማዳሚቱ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ሩቅያ ከማዳሚቱ ሕፃን ልጅ ጋር ብቻዋን ነበረች። የፊቱ ደረጃ በጢስ ሲዘጋባት ዘወትር ማታ ማታ ቆሻሻ በምታወጣበት በር ልትወጣ ወረደች። የምታውቀውን በር ታምናው ወረደች።

"ቁልፉስ?" አለ ሰይድ።

"ክፍሌ ነው" አልኩት። ሄጄ ላምጣው ማለት የእኔ ነበር፤ አላልኩም። ሰይድ አንድ ጊዜ ፊቴን አየኝና ሸሚዙን አወለቀ። ለመንገደኛ ከተተከለው የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን አርሶ ፊቱ ላይ ጠቀለለው፣ በዋናው በር ገባ። እኔ በሩን በባዶ እጄ ይዤ ቆምኩ። ሩቅያ ትመታለች፣ እኔ ከውጭ "አይዞሽ" እላለሁ። ቀስ በቀስ አመታቷ ደከመ። ከዚያ ቆመ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ያስፈራኛል፤ እንደዚያ ዝምታ የሚያስፈራኝ ግን የለም።

ሰይድ ቁልፉን ይዞ መጣ። ቅንድቡ ተቃጥሏል፣ የቀኝ መዳፉ ተልጧል። በሩን ከፈተው። ሩቅያ በጢሱ ውስጥ ሞተሩን አልፋ በሩ ጋ ለመድረስ ስትገፋው በላይዋ ወድቋል። አንድ እግሯ ከሥሩ ነው። ሕፃኗን ደረቷ ሥር ሸሽጋ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናታለች። ሰይድ በዚያ በተላጠ እጁ ሞተሩን አነሳው፣ ሕፃኗን ታቅፎ ሮጠ። ሩቅያን እኔ ተሸክሜ አወጣሁ። አየር ሲነካት ዓይኗን ገለጠች። ያየችው የእኔን ፊት ነው።

ሕፃኗ አለቀሰች። በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ስለ ራሴ ነበር። ፖሊሶች መጥተዋል። አንድ መኮንን ጠርቶኝ ሞተሩ የማን ነው፣ በሩን ማን ቆለፈው አለኝ። እስር ታየኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሲሰረዝ፣ እጄ ታስሮ አውሮፕላን ላይ ስወጣ ታየኝ። ሰይድ አጠገቤ ቆሟል፣ ቁልፉ አሁንም እጁ ላይ ነው።

በአረብኛ "የእሱ ነው፤ ሳላውቅ አስገብቶ ነው የቆለፈው" አልኩ። "ቁልፉም እሱ ጋ ነው" አልኩ።

መኮንኑ የሰይድን እጅ አየ። ሰይድ አረብኛ ገና አልያዘለትም፤ ያልኩትን አልሰማም። እንዲያውም የሚረዳኝ መስሎት ጠጋ አለኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያስረዱልኝ። ልጆቹ እንዳይገቡ ከሰዓት ከሰዓት እንደሚቆልፉት ይንገሯቸው። እኔ ሞተሯን ማስገባቴ ጥፋት ነው፤ ቁልፉን ግን ከእሳት ያወጣሁት ነው ይበሉልኝ።"

"ምን ይላል?" አለኝ መኮንኑ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ነው የሚለው" አልኩ።

አፌ አልተያዘም። ወንድሜ አምኖ የሰጠኝን ቃል በአፌ ውስጥ ለውጬ አወጣሁት። መኮንኑ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰይድም እውነቱ የተነገረለት መስሎት ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት በመስኮቱ "ይመጣሉ አይደል?" አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። አልሄድኩም። በኋላ ሲጠሩኝ ያንኑ ቃል ደግሜ ፈረምኩ። የሰይድ ኢቃማ ደግሞ በሚሠራበት ድርጅት ሳይሆን በሌላ ከፊል፣ በሌላ አሠሪ ስም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አገሩ መለሱት።

ሩቅያን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። እግሯ በጀሶ ታስሯል፣ ስታወራ ትንፋሿ ያጥራል። እጄን ይዛ ሳመችው። "ጋሼ፣ ነፍሴን ያተረፏት እርስዎ ነዎት" አለች። ፖሊሶቹ የእኔን ቃል ነግረዋት ኖሮ ቀጥላም፦ "በር ዘግቶብን የተኛውን ያን ሞተረኛ ግን አላህ የሥራውን ይስጠው!"

"አሜን" አልኩ።

የወሎ ሰው ነኝ፤ እርግማን መንገዱን እንደማይስት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስሙን ብትስተውም የረገመችው ማንን ነው? በገዛ አፌ አሜን ያልኩት በማን ላይ ነው? ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ከእኔ ጋር ተጣላ። ሐዋሊን ትቼ አርዲያ የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። እዚያ ዙሪያውን ጋራዥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቀጣል። ሲቀጠቀጥ እደነግጣለሁ፣ ሲቆም ደግሞ ይብስብኛል። ሰይድ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። "ጋሼ፣ ምን ብለው ነው ያስረዱልኝ?" አለኝ። ቁጣ የለበትም። ዘጋሁበትና ዳግም እንዳይደውል ቁጥሩን አገድኩት።

ሩቅያ አገሯ ገባች። ከሚሴ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትነግዳለች። ጁምዓ በመጣ ቁጥር የድምፅ መልእክት እየላከች ትመርቀኛለች። ምርቃቷን ሰምቼ ጨርሼ አላውቅም፤ መሃል ላይ አጠፋዋለሁ። በቀደም የላከችውን ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

"ጋሼ፣ ማንን እንዳየሁ ቢነግሩዎት አያምኑም! ያን ሞተረኛ። እዚሁ ከሚሴ ባጃጅ ይነዳል። ሕፃን በእሳት ላይ ዘግቶ የተኛ ሰው ነው ብዬ ለገበያው ሁሉ ነገርኩ። አሁን ባጃጁ ላይ የሚሳፈር የለም። ያጫት ልጅ ቤተሰቦችም ሰምተው ሽማግሌ ልከው ጠይቀውኛል፤ ያየሁትን ነገርኳቸው። ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።"

የእኔ ውሸት ባሕር ተሻግሮ ገበያ ወጥቷል። ሰይድን አገሩ ድረስ ተከትሎ እንጀራውን እየቀማው፣ ሚስት እየከለከለው ነው። እኔ አርዲያ ተቀምጬ ብረት ሲመታ እደነግጣለሁ እላለሁ። የእኔ ድንጋጤ ለማን ምን ጠቀመው?

ቀኑን ሙሉ እውነቱን በድምፅ እየቀዳሁ መልሼ አጠፋሁ። ሰው ሰምቶ እዚህ ላለው ሁሉ ቢያዳርሰውስ? ፖሊስ ጆሮ ቢደርስስ? በመጨረሻ አጭሯን ላክሁ፦ "ሩቅያ፣ በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ለማምጣት እሳት ውስጥ የገባው፣ ሞተሩን ከላይሽ ያነሳው ሰይድ ነው። ቃሉን በአረብኛ አዙሬ ያስወነጀልኩት እኔ ነኝ።"

ሰማችው። ማግሥቱን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፣ እሷ ናት። ብዙ ጫጫታ ይሰማል።

"ደግመህ በለው" አለችኝ። እንደ ወትሮው አንቱ አላለችኝም። "ያጫት ልጅ አባት እዚህ አሉ። ባጃጅ ነጂዎቹም አሉ። ሰይድም አለ። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።"

ደገምኩት። ስሜን፣ በሩን፣ ጓጉንቸሩን፣ ክፍት ነው ማለቴን፣ መኮንኑን፣ አሜን ማለቴንም ሳይቀር ተናገርኩ። ሩቅያ ስታለቅስ ሰማኋት። የምታለቅሰው ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስጨርስ የሰይድ ድምፅ መጣ።

"ጋሼ" አለኝ። እሱ አሁንም ጋሼ ይለኛል። "ያን ጊዜ በአረብኛ የተናገሩትን፣ በአረብኛ ያቃኑልኝ።"

ስልኩ ተዘጋ።

ነገ ጠዋት ከአርዲያ አውቶቡስ ይዤ ሐዋሊ እወርዳለሁ፤ ቃሌን የፈረምኩበት ፖሊስ ጣቢያ እገባለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታውን የሚሰጡና የሚነሱ ሰዎች ከሚሴ ናቸው። ፈርቶ ነው ብላችሁም አትዘኑልኝ፤ ሰይድም እሳቱን ሳይፈራ አልገባም። ይህን የጻፍኩት ሌሊቱን ሐሳቤን ቀይሬ ነገ ብቀር፣ እሄዳለሁ ማለቴን ያነበበ ሰው እንዲኖር ነው።