እጄን ሳላነሳ ሞጣ ድረስ

ይህ የደረሰብኝ የቢቸና ሞጣ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት፣ በአንድ የሐምሌ ቀን ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ቀኝ ክንዴ ይዝላል።

ያኔ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ባልደረባዬ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች ብቻዬን ነበርኩ። ክረምቱ ሲገባ የሙያ ማህበራችን ከየጤና ጣቢያው አዋላጆች ጠርቶ ቢቸና ላይ አሠልጥኖን ነበር። ያሠለጠኑን ሲስተር የሺ የሚባሉ አንጋፋ አዋላጅ ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በመድኃኒት አልቆም ሲል ማህፀንን በሁለት እጅ ጨምቆ መያዝን በአሻንጉሊት አሳዩን። ስንለያይ ስልካቸውን ሰጥተውን ማንኛውም ነገር ሲያስጨንቀን እንድንደውል ነገሩን። እኔ የስንብት ወግ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ይታይሽ የምትባል እናት ሦስተኛ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑን ጠቅልዬ ለአማቷ ሰጠሁ። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም። መርፌ ወጋኋት፣ ግሉኮስ ሰቀልኩላት፣ ሆዷን አሸሁ። ደሙ ከአልጋው አልፎ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አምቡላንሱ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ሄዶ ጭቃ ይዞታል።

ጓንት አጥልቄ አንድ እጄን ከውስጥ፣ ሌላውን ከሆዷ ላይ አድርጌ ጨመቅኩ። ደሙ ጋብ አለ። ትንሽ ላላ ሳደርግ መልሶ መጣ። ያኔ እጄን ማንሳት እንደማልችል ገባኝ።

ባሏ ሙሉቀን ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከመንገድ አስቁሞ መጣ። ሰዎች ከጭነቱ ግማሹን አራገፉና እሷን ከነፍራሹ፣ እኔን ከነእጄ ተሸክመው ጆንያው ላይ አወጡን። ዝናብ እየዘነበ ስለነበር ሸራ አለበሱን።

ያኔ ለእኛ ቀዶ ሕክምና የሚገኘው ሞጣ ሆስፒታል ነበርና ወደዚያ ጉዞ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ክንዴ ደነዘዘ። ይታይሽ ብርድ ብርድ አለኝ ትል ነበር። ከዚያ "ሲስተር፣ ልጆቼን..." አለችና ዝም አለች። ወዲያው መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ተስፋ ቆረጥኩ። ሙሉቀን ስልኬን ከጋውኔ ኪስ አውጥቶ ለሲስተር የሺ እንዲደውል ነገርኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

"ልትሞትብኝ ነው" አልኳቸው እያለቀስኩ።

የት እንዳለንና ምን እንዳደረግኩላት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"እኔ ሞጣ ነኝ፤ የዚህን አካባቢ አዋላጆች እያሠለጠንኩ ነው። እጅሽን እንዳታነሺ። የደም ዓይነቷን ታውቂያለሽ?"

በእርግዝና ክትትሏ ጊዜ ስለተመረመረች አውቀው ነበር። እንደነገርኳቸው መስመሩ ተቋረጠ። ሙሉቀን ደጋግሞ ቢደውልም እምቢ አለ።

የአካባቢው ገበሬዎች ተረባርበው መኪናውን ገፍተው አወጡት። ሙሉቀን እግሯ ሥር ተቀምጦ በየመሃሉ "አለች?" ይለኛል። "አለች" እለዋለሁ። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሁለቱም እጆቼ ስለተያዙ የልብ ምቷን ማየት አልችልም። ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ጣቶቼ የኔ ይሁኑ የሌላ ሰው አይታወቀኝም።

ሞጣ ስንደርስ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር የሺ ከሐኪሙ ጋር ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። እጄን ራሴ ማውጣት ስላቃተኝ እሳቸው ቀስ ብለው አወጡልኝ። ሥልጠናውን አቋርጠው ደማቸው ከይታይሽ ጋር የሚገጥም ሠልጣኞችን ይዘው መጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ የማላውቃቸው አዋላጆች ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ተደርድረው ነበር።

ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ይታይሽ ግን ተረፈች። ዜናው ሲነገረኝ መደሰት እንኳ አቃተኝ። ሲስተር የሺ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ክንዴን ሲያሹልኝ ቆዩ።

ሥልጠናው በዚያ ሳምንት ሌላ ከተማ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። በዚያው ክረምት የሚደውሉለት ሰው ያልነበራቸው ስንት አዋላጆች ይኖሩ ይሆን እላለሁ። በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሪፖርት ሲነበብ ብዙ ጊዜ አልሰማም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሴቶች ክንድ ክንዳቸውን አያለሁ። ይታይሽ የማንን ደም ይዛ ወደ ልጆቿ እንደተመለሰች አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።