ሐይቅ ዳር የቆፈርነው ምሽግ

አባያ ሐይቅ ላይ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጀልባው አለቃ ጋሼ ዳና መረብ ሳይሆን ጣሳ ሰጡኝ። «ጀልባዋ ታፈሳለች፤ ውኃውን እየጨለፍክ ድፋ» አሉኝ። ማዕረጌ ውኃ ጨላፊ ነበር። መረብ መጣልና መጠገን የተማርኩት ቆይቶ ነው።

የዓሣ አስጋሪዎቹ ከተማችን ከሶዶ ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ሐይቁ ዳር ናት። የዓሣ ነጋዴ ካልመጣ የሚያስታውሳት የለም። ሰሜን ላይ ጦርነት ሲነሳ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ሰበሰቡን።

«ከአየር ልንደበደብ እንችላለን። ያለነው ስትራቴጂካዊ ቦታ ላይ ነው» አሉ።

ጋሼ ዳና እጃቸውን አወጡ። «ጠላት አውሮፕላን አለው እንዴ?»

«ሊገዛ ይችላል።»

«ገዝቶ ምናችንን ሊደበድብ? ቆሮሶ ዓሣውን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ዳና ግን አልሳቁም፤ ልጃቸው ማርቆስ ግንባር ነበር።

ሊቀመንበሩ ያዘዙትን ምሽግ ሐይቁ ዳር በሙሉ ልብ ቆፈርን። ሊቀመንበሩ ጥብጣብ ቆርጠው፣ ፎቶ ተነስተው መረቁት። ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ውኃ መነጨበት።

አንድ ጠዋት የአንበጣ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ መጣች። ሊቀመንበሩ «ወደ ምሽግ!» ብለው ጮኹ፤ ከሁላችን ቀድመው የገቡትም እርሳቸው ናቸው። ውስጥ አዞ ተኝቶ ነበር። ጫማቸውን ከነተረከዛቸው ያዘ። ጋሼ ዳና በመቅዘፊያ አፍንጫውን ደጋግመው ሲመቱት ለቀቀ፤ እኛም በብብታቸው ይዘን ጎትተን አወጣናቸው። አውሮፕላኗ አንበጣዋን ፍለጋ ሄደች።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንግዳ ሆነው የመጡ ባለሥልጣን «በአየር ጥቃት ስጋት ወቅት የቆሰሉ» ብለው ለሊቀመንበሩ ጋቢ ደረቡላቸው። አዞው አልተጠቀሰም።

ማርቆስ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቡ የመድፍ ጥይት ፈንድቶ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ እግሩም ያነክሳል። ከሶዶ በሚኒባስ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኖ መጣ። ጋቢ የደረበለት የለም። ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አግኝተውት «አይዞህ፣ እኔም ቆስያለሁ» አሉት።

«የት ግንባር ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከልቡ ነበር። አብረውት የነበሩት ጋሼ ዳና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ዛሬ ጀልባዋን የምመራው እኔ ነኝ። ማርቆስ መረብ ይጠግናል፤ አንዳንዴም አብሮን ይወጣል። ነጎድጓድ ሲጮህ የጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው፦ ያን ጊዜ መቅዘፍ ይቆማል። እስኪነሳ ይጠበቃል። አይሳቅም።