አሥራ አንደኛው ስም

የመምህርነት ምስክር ወረቀቴ እስካሁን ድረስ ሣጥን ውስጥ አለ። ልጆቼ መስታወት አስገብተን ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብለው ስንት ዓመት ለመኑኝ፤ እሺ አላልኳቸውም። ትሕትና ነው ብለው ለሰው ያወራሉ። እኔን ትሑት ብሎ የሚጠራ ሰው የማያውቀኝ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን የማልሰቅለው ስለማፍርበት ነው፤ እንዴት እንዳገኘሁት ልናገር።

በጃንሆይ ዘመን መምህር ለመሆን ማሰልጠኛ ገብቶ መማር ብቻውን አይበቃም ነበር። በመጨረሻ እውነተኛ ትምህርት ቤት ሄደን፣ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆመን፣ ስድስት ሳምንት ማስተማር ነበረብን። ልምምድ እንለው ነበር። ልምምዱ ሲያልቅ ኢንስፔክተር ይመጣና ከኋላ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር፦ ስም ጥሪ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ድምፅ፣ የሰሌዳ አያያዝ፣ መርጃ መሣሪያ፣ ሥርዓት ማስከበር። ኢንስፔክተሩ ከተስማማ ምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። ካልተስማማ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፣ የሀደሮ። ማሰልጠኛ ሳለሁ ነው የሆሳዕና ልጅ ያገባሁት፤ እሱም መምህር ነበር፣ ጊምቢቹ ያስተምር ነበር። የልምምድ ቦታዬ ሆሳዕና ሲሆን ከባሌ ወላጆች ቤት፣ ከከተማው ዳር፣ ገባሁ። ዘመዶቻቸው ከሠርጉ ጀምሮ ያጉረመርሙ ነበር፤ «ምራት ነው ያመጣችሁት ወይስ ተማሪ?» ይሏቸዋል። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፣ ብዙም አይናገሩም። «የጀመረችውን ትጨርስ» አሉ፣ በዚያው አበቃ። እኔ ብወድቅ የሚወድቀው የእሳቸውም ቃል ነበር።

በሀዲያም በከምባታም ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ይህ በጨዋታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስሙን ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ የሚጀምርበትን ድምፅ ይዘው የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ትተዋቸዋለች፤ እኔ ራሴ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ለስንቱ የቤት ዕቃ ሌላ መጠሪያ ለምጄ ነበር። ከአማቴ ጋር ዓይን ለዓይንም አንተያይም፤ የምንነጋገረውም በሚስታቸው በኩል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የሚፈቀደው አማርኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ ደግሞ የማንም አማት ቋንቋ ስላልሆነ እንደ ልቤ የምናገር መስሎኝ ነበር። ሞኝነቴ!

የመጀመሪያው ቀን ባንዲራ ተሰቅሎ ክፍል ገባን። አራተኛ ክፍል ነው። መምህር ስለጎደለ የክፍሉ ኃላፊ ዲሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡ፣ ጽሑፋቸው የታተመ የሚመስል ሰው። መዝገቡን ሰጡኝና «ጀምሪ» አሉኝ። ጀመርኩ። አሥረኛው «አቤት!» ሲል ዓይኔን ወደ አሥራ አንድ አወረድኩና ክው አልኩ። የአማቴ ስም ተጽፏል። አንድም ፊደል አልተለወጠም።

ቀና ስል ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ሊመልስ ተዘጋጅቶ ያየኛል። ያኔ አራተኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያለው ተማሪ ማየት አያስገርምም ነበር። ይህም ከሀቢቾ በኩል የመጣ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሰኞ ሰኞ የሳምንት ቆጮውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ዘመዶቹ ቤት ያድራል፣ ዓርብ ወደ ማሳው ይመለሳል። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር ስለማይገባ ወደ ጎን ዞሮ ነበር የሚቀመጠው።

«አሥራ አንድ!» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ ነገሩ እንዳይታወቅብኝ ሁሉንም በቁጥር ጠራሁ። ዲሬክተሩ በመስኮት ሰምተው ገቡ፤ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ወህኒ ቤት ነው እንዴ ሰው በቁጥር የሚጠራው?» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን መላ አገኘሁ፤ የክፍል አለቃዋን፣ ድምፀ መረዋ ልጅ ነበረች፣ ስም እንድትጠራ አደረግሁ። እሷ ትጠራለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። እንዲህ እያልን ስድስተኛው ሳምንት ደረሰ።

ለዲሬክተሩ ለምን እንዳልነገርኳቸው ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። ኩራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሠለጠንኩ መምህርት ነኝ ብዬ ጫማ ተጫምቼ መጥቼ፣ አማቷን ፈርታ ስም መጥራት አቃታት ከምባል መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቷቸዋል። ሁሉም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ኢንስፔክተሩ የሚመጡበት ቀን ትምህርቴ ስለ እንሰት ነበር። ለመርጃ መሣሪያ አማቴ ከጓሯቸው አንድ ለጋ እንሰት ከነሥሩ ነቅለው፣ አፈሩን አራግፈው፣ ራሳቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተሸክመው አደረሱልኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አየ። ከሰሌዳው አጠገብ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር አቆምኩት።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ለመሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ከዲሬክተሩ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። እኔ አለቃዋን ጠቀስ ሳደርጋት ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አሏት ኢንስፔክተሩ። «መምህርቷ ማን ናት?»

መዝገቡን ያዝኩ። ከአንድ እስከ አሥር ጠራሁ። ከዚያ ቆምኩ።

«አቤት!» አለ ያ ጎልማሳ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

የኢንስፔክተሩ እርሳስ ቆመ። «ማን ጠራህ?»

«እትዬ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አለቃዋ ጨነቃትና «ጌታዬ፣ የአማቷ ስም ነው፤ ምራት አትጠራም» አለች። ዲሬክተሩ ዞረው አዩኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን እየሠራሁ እንደነበር ገና ያኔ ነው የገባቸው፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«የመንግሥት መዝገብ አማት የለውም» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ ሳይጮኹ። «ጥሪው።»

እግዚአብሔር ያውቃል ሞክሬያለሁ። ከንፈሬ ተከፈተ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ኢንስፔክተሩ ቅጹን አጣጠፉ። «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ነገ ጠዋት እንደገና አይሻለሁ። ይህ ስም ሲጠራ ካልሰማሁ የምጽፈው አላለፈችም የሚል ነው» ብለው ወጡ። እንሰቱ እንደቆመ ቀረ፤ ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ተሸክሜው ወደ ቤት ስመለስ አማቴ ከሚስታቸው ጋር አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ተክሉን አዩት። ክፍሎቹን ለማሳየት ቆርጬ መበለት እንደነበረብኝ ያውቃሉ፣ ነግሬ ነበር። «ለምን ሙሉውን መለሰችው?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ለአማቴ ሚስት እየነገርኩ፣ ሁሉንም አፈሰስኩት። እንባዬም መጣ። ምን ልደብቅ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ነገ ትጥራኝ» አሉ። «እኔ ፈቅጃለሁ።»

የባሌ እናት ደረታቸውን ያዙ፤ እሳቸው እዚያ ቤት ሲኖሩ ስንት ዓመታቸው፣ የራሳቸውን አማት ስም ሰውየው ከሞቱ በኋላ እንኳ ጠርተው አያውቁም። «ሰው ምን ይላል?» አሉ።

«ሰው ፈተናዋን አይፈተንላትም» አሉ አማቴ፣ እንሰቱን ተቀብለውኝ መልሰው ሊተክሉት ወደ ጓሮ ሄዱ። በሕይወቴ ክፉ ነገር ሲያስደነግጠኝ ኖሯል፤ ደግነት እንደዚያ ያስደነገጠኝ ግን ያን ቀን ነው። መሬቱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ማልጄ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስሙን በልቤ እለዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ ማንም አለመኖሩን ወደ ኋላ ዞሬ አየሁና በሹክሹክታ አልኩት። ወጣ! ሰማዩም አልተደፋብኝም። አንድ ጊዜ ደገምኩት፣ ትንሽ ድምፅ ጨምሬ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ ደስታም ነበረበት። ክፍል ስገባ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ቦታቸው ላይ ናቸው። መዝገቡን ከፈትኩ፣ ድምፄን በደንብ ከፍ አድርጌ ስማቸውን መጥራት ጀመርኩ፤ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥረኛው። ወደ አሥራ አንድ ወረድኩ። ስሙ የለም። በቀይ ቀለም፣ በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ ተሰርዟል። ከላዩ በዲሬክተሩ ያማረ ጽሑፍ አንድ የአማርኛ ስም ተጽፏል፤ በየመንደሩ የሚገኝ፣ የማንም ሊሆን የሚችል ስም።

የተጻፈውን አነበብኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? በዚያች ቅጽበት አፌ የታየውን አነበበ።

«አቤት!» አለ፤ ብድግ ብሎ፣ ፊቱ ፈክቶ፣ ውለታ እንደሠራ ሰው።

ኢንስፔክተሩ ትናንት ስሙን ጠርቶ ያሰማቸው ስላልነበረ ልዩነቱን አላወቁም፤ ምልክት አደረጉ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም፤ በሰሌዳ ላይ የእንሰት ሥዕል መሳሌን ነው የማውቀው። ሲጨርሱ መጥተው በመዝገቡ ገጽ ግርጌ ፈረሙ፣ እጄንም ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ። ቀላል ነበር፣ አይደለም?» አሉ።

በእረፍት ሰዓት ሮጬ ያን ጎልማሳ ግቢው ውስጥ ደረስኩበት። «ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ጠዋት ዲሬክተሩ ቤት ሄድኩ፣ እትዬ። ስሜን ቀይሩልኝ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ድሮም ለአፍ አይመችም ነበር አሉና ራሳቸው መርጠው ሰጡኝ።» እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። «እርስዎ በእኔ ምክንያት ከሚወድቁ ብዬ ነው።»

«አማቴ ፈቅደውልኝ ነበር እኮ!» አልኩ፤ ጮህኩበት ማለት ይቀላል። «ትናንት ፈቀዱልኝ። ልጠራህ ነበር። እየጠራሁህ ነው የመጣሁት!»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ፈቅደው ነበር?» አለ። ቀጥሎ ለእኔ ይሁን ለራሱ ባልታወቀ ድምፅ፣ «አባቴ ነው ያወጣልኝ። እሱም አሁን በሕይወት የለም» አለ።

እጁን ይዤ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ወሰድኩት። ምራት ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ሰው ያየኛል ማለቱን ሁሉ ረሳሁት። ፈቃድ እንዳገኘሁ፣ ስሙ እንዲመለስ ነገርኳቸው። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። መዝገቡን ከፈቱና ጣታቸውን ከፊርማው ላይ አኖሩ።

«ኢንስፔክተሩ በዚህ ስም ላይ ነው የፈረሙት» አሉኝ። «ይመለስ ካልሽ የዛሬው ስም ጥሪ ሐሰት ነበር ብዬ መጻፍ አለብኝ። ያኔ ፈተናሽም ይሰረዛል፣ ወረቀትሽም አይመጣም። እኔ ዝግጁ ነኝ። ይመለስ?»

የጠየቁት እኔን ነው። እሱን አልጠየቁትም። ስለ አማቴ አሰብኩ፣ ስለ ዘመዶቹ ማጉረምረም አሰብኩ፣ ስለ ሁለቱ ዓመት አሰብኩ። ያልኩትን ልጻፈው፦ ምንም አላልኩም። ዝም አልኩ። እንደዚያ ያለ ሰው መሆኔን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር፤ ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ይቅር፣ ጌታዬ» አለ እሱ፣ እኔን ሳያይ። ዲሬክተሩ መዝገቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ከቢሮው ወጥተን ከበረንዳው ስንወርድ ቆመ። «እትዬ» አለኝ፤ «ከተፈቀደልዎት፣ እስቲ አንድ ጊዜ በስሜ ይጥሩኝ። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጠራኝ የለም።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ጠዋት ባሕር ዛፎቹ ጋ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ያን ጊዜ አፌን የያዘው የአማቴ ክብር አልነበረም። ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ደወል ተደወለና ወደ ክፍሉ ገባ።

በማግስቱ የልምምዴ የመጨረሻ ቀን ነበር። መዝገቡን ከፈትኩና በአዲሱ ስሙ ጠራሁት፤ እሱም ተነሥቶ መለሰልኝ።