የታደሰ እናት

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ገበያ አንዲት ሴት የወተት ዕቃዋን ከፈተች። በጭስ የታጠነው ወተት ሲሸተኝ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ነጌሌ፣ የጦር ሰፈሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሃዳ ጂሎ ፊቴ ድቅን አሉ።

ሃዳ ጂሎ በጃንሆይ ዘመን ከሊበን ገጠር በእግራቸው እየመጡ ለወታደር ቤተሰቦች ወተት የሚያቀርቡ የቦረና ሴት ነበሩ። ሃዳ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ጂሎ የበኩር ልጃቸው ነው። በእነሳቸው ባህል የወለደች ሴት የምትጠራው በራሷ ስም ሳይሆን በበኩሯ ስም ነበር። በሰፈራችን ግን ሴቶቹ የሚጠሩት በባሎቻቸው ማዕረግ ነው፤ የሻምበል ሚስት፣ የመቶ አለቃ ሚስት። አባቴ አሥር አለቃ ስለነበር እናቴ በዚያ ጥሪ ብዙም አትኮራም። ሃዳ ጂሎ ደጃችን ቆመው "ሃዳ ታደሰ! አካም?" ሲሉ ግን ፊቷ ወገግ ይላል፤ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች።

ታደሰ ወንድሜ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በየማለዳው ስሙ በደጃችን ሲጠራ ጆሮዬን እደፍን ነበር። አዲስ ጫማ መጀመሪያ ለእሱ መገዛቱን፣ አባቴ ትከሻ ላይ እሱ መቀመጡን ሁሉ ችዬዋለሁ። እናቴን በስሙ መውሰዱን ግን አልቻልኩም።

አንድ ቀን ሃዳ ጂሎን በር ላይ ጠበቅኳቸውና "ለምን በእኔም ስም ሃዳ አስካለ አይሏትም?" አልኳቸው።

"ዱራ እሱ መጣ፣ መጀመሪያ" አሉኝ እየሳቁ። "እናት ያረጋት እሱ ነዋ!"

"እኔስ? እኔን አልወለደችም?"

ሳቃቸውን አቆሙ። ከእናቴ ጣሳ የሰረቅኩትን ስኳር በወረቀት ጠቅልዬ ነበርና እጃቸው ውስጥ ወሸቅኩት። ነገ ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ ብዬ ለመንኳቸው።

በማግስቱ እናቴ የአባቴን ዩኒፎርም በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቄ ቆሜያለሁ።

"ሃዳ አስካለ!"

እናቴ ኮሌታውን ገለበጠች።

"ሃዳ አስካለ! አካም?"

ካውያው ላይ ያረፈውን አመድ እፍ አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣሩም ቀና አላለችም። በሩ ክፍት ነው፤ ድምፁ ቤቱን ሞልቶታል። ሃዳ ጂሎ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል "ሃዳ ታደሰ" አሉ።

"አቤት! መጣሁ!" እናቴ ካውያውን አስቀምጣ ሮጠች።

ወተቱ ሲቀዳላት "ማንን ነበር የምትጣሪው? አዲስ ጎረቤት ገባ እንዴ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ከመጋረጃው ወጥቼ በሩ አጠገብ ደርሼ ነበርና ሃዳ ጂሎ በእናቴ ትከሻ አሻግረው አዩኝ። "ተሳሳትኩ" አሉ።

እናቴ ወተቱን ይዛ ስትገባ ስኳሩን ከነወረቀቱ እጄ ላይ መለሱልኝና ጉንጬን በሻካራ መዳፋቸው ያዙት። አላለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስኩ። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ እንደ ወትሯቸው ሃዳ ታደሰ እያሉ ቀጠሉ፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

እናቴ አምና ዐረፈች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ታደሰ የደረሰው ለቀብሩ ነው። ለቀስተኛው ግን "የታደሰ እናት! የታደሰ እናት!" እያለ አለቀሰላት፤ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ቀናሁ። ሃዳ ጂሎ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ የገዛ ስማቸውንም ጠይቄ አላውቅም። በዚህ ዓለም እናቴን በእኔ ስም የጠሯት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሱንም ሦስት ጊዜ።